ከልኩ ያለፈ መርዶ

አጸደ ያን ወረቀት ከማተሚያው ላይ ቆርጣ ባታወጣው ሌላ ሰው ያወጣው ነበር። ይህን ስንቱ ሰው ነግሯታል! ሊያጽናኗት ነው እንጂ ነገሩ አይጠቅማትም። ወረቀቱን ያወጣችው እሷ ናት፤ መልእክቱን ከሬዲዮ ተቀብሎ ለማተሚያው ያቀበለውን ፕሮግራም የጻፈችውም እሷው ናት። ታዲያ ማንን ትውቀስ?

ጊዜው ደርግ ወጣቱን ከየመንገዱ እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚሰድበት፣ ያመለጠው ደግሞ በሱዳን በኩል የሚወጣበት ነበር። ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ ከወዲያ ማዶ የሚጠብቀው ሰው ነበረው። ፓርክላንድስ ውስጥ፣ ከአንድ ሕንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ፣ የጠፋ ዘመድ የሚያፈላልግ ትንሽ የእርዳታ ቢሮ አለ። ቢሮው ሱዳን ውስጥ ከሰላ ከተማ አጠገብ ካለ የስደተኞች ጣቢያ ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ነው፤ በድምፅ ግን አይደለም። ወዲያ ያለው ሰው መልእክቱን በኮምፒውተር ይጽፈዋል፣ መልእክቱ ፓኬት በሚባል ጥቅል ሆኖ በአየር ይመጣል፣ እዚህ ያለው ማሽን ተቀብሎ ያትመዋል። ማሽኑ የኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የሚጽፉት፤ ሰዉም ለምዶት ነበር።

አጸደ አዲስ አበባ ሒሳብ ተምራ፣ በሞያሌ ወጥታ፣ ኮምፒውተሩን እዚሁ ናይሮቢ የለመደች ልጅ ናት። ከሬዲዮው የሚመጣውን ፓኬት የሚቀበል ፕሮግራም ከገበያ ስለማይገኝ ራሷ ጽፋ ከርነሉ ውስጥ አስገባችው። ከርነል ማለት የማሽኑ አስኳል ነው፤ የማሽኑን ትውስታ ከዳር እስከ ዳር እንዳሻው ያነባል፣ ተው የሚለው የለም። ሥራው የሠመረ ዕለት ኩራቷ ለብቻው ነበር፤ ለቢሮው ሰው ሁሉ ሶዳ ጋበዘች።

ያ ወረቀት የመጣው ለእማማ ሉቺያ ነው። እማማ ሉቺያ የከረን ሰው ናቸው፣ ካቶሊክ፤ አዲስ አበባ ልብስ እየሰፉ ብዙ ዘመን ስለኖሩ አማርኛቸው ከማንም አያንስም። አሁን ካሳራኒ ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ያላቸው ልጅ ተኽለሚካኤል ብቻ ነው፤ እሱንም ካህን እንዲሆን ለዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ሰጥተውታል። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«ለእናቴ ለሉቺያ፣ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ። እኔ ተኽለሚካኤል ከጓደኞቼ ጋር ድንበር ተሻግሬ እዚህ ጣቢያ ደርሻለሁ። ከገባሁ ጀምሮ በወባ ታሞ ቆይቶ ዐርፏል። እዚሁ ተቀብሯል። ሚስቱና ጡት ያልጣለች ሴት ልጁ ከኛ ጋር ናቸው። መርዶው በሽማግሌ ይነገር።»

ያነበበው ሁሉ አንድ ዓይነት ትርጉም ሰጠው፦ ልጁ ጀመረው፣ ሕመሙ ጣለው፣ ጓደኛው ጨረሰው። አይ ሰው! ክፉ ነገር ሲሰማ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። አጸደም እንዲያ ነው ያሰበችው፣ ዓይኗም እንባ አቅርሮ ነበር። መርዶ ለባለቤቱ በእጅ አይሰጥምና ወረቀቱን ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ገብሬ ወስዳ ሰጠች። ጋሽ ገብሬ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ የእማማ ሉቺያን በር አንኳኩ።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላም ለቅሶ ቤቱ አልቀዘቀዘም። እማማ ሉቺያ ጥቁር ለብሰው፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ሙሾ ያወርዳሉ፦

«ካህን ይሆናል ስል ደጁን ስጠብቀው፣
አባት ሆኖ ቀረ እናቱ ሳታውቀው።»

ሴቶቹ አብረው ያለቅሳሉ፤ ጥግ ጥጉን ግን ሹክሹክታ ነበር። የዘርዓ ክህነት ተማሪ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ! አንዷ ይህንኑ ለጎረቤቷ ስትል እትዬ ብርነሽ ሰማቻት።

«ምላስሽ ይቆረጥ!» አለቻት። «የሞተ ሰው ታሚያለሽ? ደግ አደረገ! ባዶ እጁን ከሚሄድ ዘር ትቶ ሄደ።»

እትዬ ብርነሽ ኪሊማኒ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። የምትቆጣውም የምትስቀውም ባንድ ጊዜ ነው፤ የሰው ሐዘን ካየች ደግሞ ቤቷንም ሥራዋንም ትረሳለች። መርዶው ከተነገረበት ጠዋት ጀምሮ ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ድስቷን ተሸክማ እየመጣች ለቀስተኛውን የምታበላ፣ እማማ ሉቺያን ደግፋ የምታስተኛ እሷ ናት። የራሷ ልጅ መኳንንት ከወታደር ቤት ከድቶ ወደ ሱዳን ገባ ከተባለ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ማንም ስለሱ አይጠይቃትም፤ እሷም አታነሳም።

«ሉቺዬ» አለች ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ፣ «ልጅቷን እናስመጣታለን። አንቺ ባትችዪ እኔ አሳድግልሻለሁ። ይኸው በዚህ ሁሉ ሰው ፊት!»

እማማ ሉቺያ እጇን ሳሙ። ከዚያ አጸደን በዓይናቸው ጠሩና አንገታቸውን ደፍተው ጠየቁ።

«ልጄ፣ የሕፃኗን ስም አልላከም?»

«አልላከም፣ እማማ።»

«መቼ አገባ? ለገና እኮ አለቃው አባ ጽፈውልኝ ነበር፤ ልጅሽ ከግቢው ወጥቶ አያውቅም ብለው። እኔ ልፈርድበት አይደለም። ይቅር ብዬዋለሁ። ብቻ… ጡት የምትጠባ ልጅ መቼ ወለደ?»

 እናትየው በሐዘናቸው ላይ እፍረት ተጨምሮባቸው፣ ያንንም ተቀብለው፣ ይቅርም ብለው ተቀምጠዋል።  አጸደ ያንን ወረቀት በልቧ ደግማ አነበበችው፤ «ከገባሁ ጀምሮ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሌላ ሰው የያዘው ብዕር ሳይሆን ሌላ ወረቀት መስሎ ታያት። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻለችም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ እንደገባች ማሽኑ የመዘገበውን ፈተሸች። ፓኬቱ ራስጌው ላይ ስለ ራሱ ርዝመት የሚናገረው አለ፤ ከሬዲዮው በእርግጥ የደረሰው ደግሞ ለብቻው ተመዝግቧል። ሁለቱ አይገናኙም። ደረሰ የተባለው «ከገባሁ ጀምሮ» የሚለው ላይ ያልቃል፤ ማሽኑ ግን ከዚያ አልፎ አንብቧል። የቀረውን ከየት አመጣው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ረጅም ጽሑፍ አለ እንበል። ሳይጠፋ፣ ከላይ በኩል አጭር ጽሑፍ ተጻፈበት። አንባቢው «እስከ ታች አንብብ» ከተባለ አዲሱን ጨርሶ አሮጌውን ይቀጥላል፤ አንድ ጽሑፍ ነው ብሎ። የማሽኑ ትውስታም እንደዚያ ነው። ከተኽለሚካኤል መልእክት በፊት ሌላ ፓኬት መጥቶ ነበር፤ ራስጌው በአየር ላይ ስለተበላሸ ማሽኑ ጣለው። ደግ አደረገ፣ ደንቡ ነው። ነገር ግን ማሽን ጣለ ማለት አጠፋ ማለት አይደለም፤ ፊደሉ እዚያው ቦታው ላይ ነበር። ቀጥሎ የተኽለሚካኤል ፓኬት መጣ። ራስጌው ደህና ነው፣ ሆዱ ግን ከመንገድ ተቆርጧል፤ ዝናብ ይሁን ባትሪ እግዜር ይወቀው። የአጸደ ፕሮግራም ፓኬቱ «ይህን ያህል ነኝ» ስላለው ብቻ ያን ያህል አነበበ። የደረሰኝስ ስንት ነው ብሎ አልጠየቀም። ስትፈትነው ቢሮው ውስጥ በገመድ ነበር የፈተነችው፤ በገመድ የመጣ አንድም ፓኬት ተቆርጦ አያውቅም። የተላከ ሁሉ ሙሉውን ይደርሳል ብላ አመነች፣ ያውም በሬዲዮ፣ ያውም ከዚያ አገር።

ማስተካከያው ሁለት መስመር ሆነ። አንዱ፣ የደረሰው ለራስጌው እንኳ የማይበቃ ከሆነ አትንካው፤ ሁለተኛው፣ ፓኬቱ ነኝ ያለው ርዝመት ከደረሰው ከበለጠ አታንብበው፣ ጣለው፣ ድጋሚ ይላክ።  «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ለራሷ፣ ተናዳም አልቅሳም።

አሁን አንድ ነገር አውቃለች፤ የተኽለሚካኤል እናት የሚያለቅሱት በሌላ ሰው ሞት ነው። የማን እንደሆነ ግን ማሽኑ አይነግራትም። የሟቹ ስም የነበረበት ቦታ ላይ የተኽለሚካኤል ሰላምታ ተጽፎበታል። ጣቢያውን ጠርታ እንዳትጠይቅ፣ ዝናቡ አንቴናውን ከጣለው ወዲህ ሬዲዮው ዝም ብሏል።

ጋሽ ገብሬ መሀል ከተማ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበራቸው። አጸደ እየሮጠች እዚያ ደረሰች።

«ጋሽ ገብሬ፣ የእማማ ሉቺያ ልጅ አልሞተም።»

በእጃቸው የያዙትን የፍሬን ሸራ አስቀመጡ። «ማን አለሽ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የሌላ ሰው መርዶ ነው የልጃቸው መልእክት ላይ የተቀጠለው።»

«ልጁን አየሁት ያለ ሰው አለ?»

«የለም። ግን ዐርፏል የሚለው ቃል የሱ አይደለም። ይህን በእርግጥ አውቃለሁ።»

 «አልሞተም ማለትና አለ ማለት ይለያያል፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ገብሬ። «ዛሬ አለ ብለን ብናስነሳትና ነገ በሌላ ወረቀት የለም ቢባልስ? እናት ሁለት ጊዜ ትገደል እንዴ?»

«ታዲያ በሕይወት ላለ ልጅ ማቅ ለብሰው ይቀመጡ?»

«ይቀመጡ! የሞተባትን ሌላይቱን እናትስ ምን ልትያት ነው? ስሟን እንኳ አታውቂውም። ናይሮቢ ያላችሁ እናቶች ሆይ፣ ከናንተ ያንዳችሁ ልጅ ሞቷል ብለን እናውጅ? ከተማው በሙሉ ፍራሽ ሊያነጥፍ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ከጣቢያው ጋር እስክትገናኙ ሆድ ይፍጀው። እኔም አብሬሽ ቻልኩት።»

ሆድ ይፍጀው ማለት ቀላል ነው፤ ሆዱ ግን የአጸደ ነበር። ከለቅሶ ቤት እንዳትቀር ሰው ምን ይላል፣ እንዳትሄድ ደግሞ እግሯ እሺ አይልም። ከሥራ ስትወጣ ማታቱ ተሳፍራ ካሳራኒ ትሄድና በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የገባችውን ሴት ሁሉ እያየች፣ ያንቺ ይሆን? ትላለች በልቧ። የዚችኛዋ ወንድም እዚያ ነው። የዚያችኛዋ ልጅ እዚያ ነው። ሁሉም ለእማማ ሉቺያ «እግዜር ያጥናሽ» ይላሉ፤ አጸደ ግን ከመካከላቸው ይህ ቃል የሚገባትን ትፈልጋለች። እንዲህ ያለ ነገር ለጠላትም አይስጥ።

እትዬ ብርነሽ ደግሞ ሕፃኗን አመጣለሁ ያለችው ነገር ብሶባት ነበር። ጊኮምባ ገበያ ወርዳ የሕፃን ካልሲ፣ የሱፍ ቆብ፣ ትንሽዬ ብርድ ልብስ ገዛች። ፍራሹ ላይ ዘርግታ ለእማማ ሉቺያ ስታሳያቸው እማማ ሉቺያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«የከሰላ ሙቀት ላይ ሱፍ?» አሉ።

«ናይሮቢ ስትመጣ ነዋ! እዚህ ብርዱን አታውቂውም?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ደግሞ እንባዋ መጣ። «ሴት ልጅ አማረኝ፣ ሉቺዬ። መኳንንቴ ብቻውን ነው ያደገው። አንድ እኅት ብሰጠው ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።»

ከዚያ ዓይኗ አጸደ ላይ ዐረፈ። «አንቺ ልጅ፣ እንዴት እንዲህ ከሳሽ? ነይ ወዲህ!» አለችና እንጀራ ጠቅልላ አጎረሰቻት። «በሞቴ! አንዲት ጉርሻማ ያጣላል። አፈር ስሆን፣ ሁለተኛውን!»

አጸደ ጎረሰች። ማኘክ ከብዷት፣ ይህችስ አትሁን፣ አምላኬ፣ ይህችስ አትሁን አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። ይህች አትሁን ማለት ሌላዋ ትሁን ማለት ነው፤ ማን መራጭ አደረጋት? እጇን ታጠበችና ሰበብ ፈጥራ ወጣች።

ሬዲዮው የተመለሰው አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ጣቢያው ውስጥ መልእክት የሚጽፈው ሃብተኣብ የሚባል ሰው ነበር፤ እሷ እዚህ ትጽፋለች፣ እሱ ከዚያ ይመልሳል። አንቴናውን በእንጨት ደግፈው ማቆማቸውን ነገራት። አጸደ ሰላምታውንም ሳትጨርስ ከመቋረጡ በፊት የተላኩትን ሁሉ ድገምልኝ አለችው።

መጀመሪያ የተኽለሚካኤል መጣ። በሙሉ። «ከገባሁ ጀምሮ ደህና ነኝ። ከካህናቱ ጋር ሆኜ የስደተኞቹን ልጆች አስተምራለሁ። ለኔ አታስቢ፣ ጸልዪልኝ።» አጸደ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ለማረጋገጥ ሃብተኣብን ስትጠይቀው ልጁ አሁን በመስኮቱ ይታየኛል፣ ኳስ ያጫውታል ብሎ መለሰላት።

ቀጥሎ ያ ተጥሎ የነበረው ፓኬት መጣ። አዲሶቹ ሁለት መስመሮች መዘኑት፤ ነኝ ያለውና የደረሰው እኩል ነበር። ማተሚያው ጮኸ።

«ለብርነሽ፣ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት። ልጇ መኳንንት ከወታደር ቤት ወጥቶ ወደዚህ ሲመጣ በመንገድ ላይ በወባ ታሞ ቆይቶ ዐርፏል። እዚሁ ተቀብሯል። ሚስቱና ጡት ያልጣለች ሴት ልጁ ከኛ ጋር ናቸው። መርዶው በሽማግሌ ይነገር።»

ምነው ዛሬስ ተቆርጦ በመጣ! አለች አጸደ። ያን ሁሉ ቀን ሙሉ ሆኖ እንዲደርስ የለመነችው ቃል ይኸው ሙሉ ሆኖ ደረሰ፤ አንድ ፊደል አልጎደለውም።

ጋሽ ገብሬ ሱቃቸው ውስጥ ወረቀቶቹን ሲያስነብቧት ከወንበራቸው ተነስተው ነበር፤ ተመልሰው ተቀመጡ። «ብርነሽ?» አሉ። «ያቺ ብርነሽ?» ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ እንደ ዳኛ አሰቡና ወሰኑ፤ የምሥራች አያድርም፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ለሉቺያ ይነገራል። መርዶው ግን በደንቡ ነው። ነገ በማለዳ፣ በብርነሽ ቤት፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ። ዛሬ የምግብ ቤቷ የገበያ ቀን ስለሆነ ለቅሶ ቤቱ አትመጣም አሉ። አጸደም አመነቻቸው።

የእማማ ሉቺያ በር ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያ ያዩት እትዬ ብርነሽን ነው። ምግብ ቤቷን ዘግታ መጥታለች። ለእማማ ሉቺያ ሾርባ እየያዘችላቸው፣ «ሁለት ማንኪያ ብቻ፣ ስለ ማርያም» እያለች ትለምናለች። ጋሽ ገብሬ መመለስ ፈለጉ፤ ነገር ግን ሰዉ አይቷቸው ከመቀመጫው ተነስቷል፣ ፊታቸውም አንድ ነገር እንዳለ ተናግሯል።

«ሉቺያ፣ እኅቴ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ልጅሽ አለ። ተኽለሚካኤል አለ፣ ደህና ነው። ወረቀቱ ስሕተት ነበር።»

 ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው እትዬ ብርነሽ ነበረች። ሾርባውን ወዲያ ጥላ፣ ወለሉን ስማ፣ ዘላ ተነስታ፣ ጎረቤቱ እስኪወጣ ድረስ እልልታዋን አቀለጠችው። እማማ ሉቺያ ላይ ተጠምጥማ እያገላበጠች ሳመቻቸው። «ይኸው! ይኸው! የኔንም እንዲሁ ያሰማኝ! አሜን በሉ!» አለች።

«አሜን» አለ ለቀስተኛው በሙሉ።

አጸደ አሜን ማለት አልቻለችም። ግድግዳውን ይዛ ቆመች። እማማ ሉቺያ የተባለውን ማመን አቅቷቸው ደጋግመው አስነገሩ፤ ወረቀቱን አስነበቡ፤ «ጸልዪልኝ» የሚለው ላይ ሲደረስ ጡታቸውን ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ድንገት ቀና አሉ።

«ሚስቱስ? ሕፃኗስ?»

«የሱ አይደሉም፣ እማማ» አለች አጸደ። «የሌላ ሰው መልእክት ነው የተቀላቀለው።»

«ታዲያ የማን ናቸው?»

ጋሽ ገብሬ መሬት መሬት አዩ። «እሱን… እሱን ነገ እናየዋለን» አሉ።

«ነገማ እንፈልጋታለን፣ ያቺን ምስኪን!» አለች እትዬ ብርነሽ፣ ገና እየሳቀች፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ይህንኑ ፍራሽ ተሸክመን ቤቷ እንሄዳለን። ዛሬ ግን ደስ ይበለን እንጂ! አጸድዬ፣ አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ? የምሥራች ይዞ የሚያለቅስ ሰው አለ?»

አጸደ ዓይኗን ልትሰብር ሞከረች፣ አልሆነላትም። እማማ ሉቺያ አጸደን አዩ፣ ከዚያ ጋሽ ገብሬን፣ ከዚያ ብርነሽን። ሳይነገራቸው ገባቸው። የእትዬ ብርነሽን እጅ ያዙና ወደ ፍራሹ ሳብ አደረጓት።

«ምነው ሉቺዬ?» አለች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ነበር። «ምንድነው ሁላችሁም እኔን የምታዩኝ? ጋሽ ገብሬ?»

ጋሽ ገብሬ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«መኳንንቴ ነው?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ጮኸች። «ተዉ እንጂ! አይደለም በሉኝ! አንዳችሁ አይደለም በሉኝ!»

አንድም ሰው አይደለም አላላትም። እማማ ሉቺያ ጥቁር ልብሳቸውን አላወለቁም፤ ፍራሹ ላይ ተጠግተው ቦታ ለቀቁላትና አቅፈው አስቀመጧት።